በጁገል ግንብ ውስጥ ሁለት ሌሊት፦ የሐረር እውቅና ከአንድ እንግዳ ማደሪያ ቤት ሲታይ

ሐረርን ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ ጎብኝቻታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያደርኩት ግን ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ በሚገኙ ሆቴሎች ነበር። ቀን ቀን ጁገልን፣ ማለትም በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ እየዞርኩ፣ ማታ ማታ ወደ ሆቴሌ እየተመለስኩ፣ የከተማዋን ደጅ እንጂ ጓዳዋን ሳላይ ቆየሁ። በአራተኛው ጉዞዬ ይህንን ማረም ስለፈለግሁ፣ ባለቤቶቻቸው ለእንግዳ ማደሪያ ካዘጋጇቸው የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች በአንዱ፣ በግንቡ ውስጥ፣ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቆይታ ግምገማ ነው። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ከምስጋናው ጋር ወቀሳም አለኝ፣ የምወቅሰውን ነገር ደግሞ በሌሎች የጁገል ቤቶችም አይቼዋለሁና በአንድ ቤተሰብ ላይ ብቻ መጫኑ ተገቢ አይመስለኝም።

ወደዚያ ቤት የወሰደኝ የማደሪያ ፍላጎት ብቻ አልነበረም። ሐረር ስሟ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓለም አቀፍ እውቅናዎች አብረው ይነሣሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2002–2003 የተቀበለችው የዩኔስኮ የሰላም ከተሞች ሽልማት ነው፤ የተሰጣትም የተለያየ እምነትና ቋንቋ ያላቸው ነዋሪዎቿ በአንድ ቅጥር ተስማምተው በመኖራቸው ነው። ሁለተኛው በ1998 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. በ2006 «ሐረር ጁገል፣ የተመሸገችው ታሪካዊት ከተማ» ተብላ በዓለም ቅርስነት መመዝገቧ ነው። በየበዓሉና በየንግግሩ ሁለቱም በአንድነት «ሽልማት» ይባላሉ፤ ይሁን እንጂ መዝገብ ላይ መስፈር ከሽልማት ይልቅ ለውል ይቀርባል። ሽልማት አንዴ ከተሰጠ የተሸላሚው ነው፣ ውል ግን የፈረመው ሰው ካልጠበቀው ይፈርሳል። የጀርመኗ ድሬስደን በኤልቤ ወንዝ ሸለቆዋ ላይ ድልድይ በመሥራቷ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የእንግሊዟ ሊቨርፑል ደግሞ በወደቧ አካባቢ በተካሄደው አዲስ ግንባታ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመዝገቡ የተሰረዙት በዚህ ምክንያት ነው።

የጁገል የምዝገባ ሰነድ 82 መስጊዶችን ይቆጥራል፤ ከእነዚህ ሦስቱ እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። 102 የአውልያ መቃብሮችንና መካናትንም ይጠቅሳል። ነገር ግን በሰነዱ ውስጥ እጅግ አስደናቂ ተብሎ የተለየው የሐረር ቅርስ ግንቡም፣ በሮቹም፣ መስጊዶቹም አይደሉም፤ የመኖሪያ ቤቶቹ ውስጣዊ አሠራር ነው። እንግዲህ የከተማዋ ትልቁ ክብር ያለው ሰው በሚተኛበት፣ በሚበላበትና ልጅ በሚያሳድግበት ቤት ውስጥ ከሆነ፣ እውቅናው ምን እንዳመጣና ምን እንዳላመጣ ማየት የሚቻለውም ከዚያው ቤት ውስጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፎ ያደርሳል። ባጃጁ የጁገል ዋና አደባባይ በሆነው ፈረስ መጋላ ላይ አወረደኝና ከአስተናጋጆቼ ቤተሰብ አንድ ወጣት መጥቶ ተቀበለኝ። ቦታ የያዝኩት በስልክ ነበር፤ «ፈረስ መጋላ ስትደርስ ደውል» ብለውኝ ነበርና ደውዬ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልጠብቅ መጡ። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ጁገልን ለማያውቅ ሰው ግን ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ምክንያቱም ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ የሚጀምሩት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ በጭንቅ የሚያሳልፉ፣ እየተጠማዘዙ እርስ በርስ የሚገናኙ ናቸውና ቤት በቁጥር ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። ወጣቱ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊት ከፊቴ ሲሄድ፣ በግራና በቀኝ ያሉት ግድግዳዎች ነጭ፣ አረንጓዴና ሮዝ ቀለም ተቀብተው፣ በመካከላቸው ትናንሽ በሮች ብቻ ይታዩ ነበር። የሐረሪ ቤት ፊቱን ወደ መንገድ አያዞርም። ከበሩ ሲገቡ ግቢ አለ፤ ግቢውን የሚጋሩ ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ቤት ግን የጎረቤቱን ገመና በማያይበት አኳኋን የተሠራ ነው።

ቤቱን ለመግለጽ ከሁሉ አስቀድሜ መናገር ያለብኝ ስለ መቀመጫዎቹ ነው። ሐረሪዎች «ነደባ» የሚሏቸው፣ ከወለሉ በተለያየ ከፍታ የተገነቡ መደቦች ዋናውን ክፍል ሞልተውታል። አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ፣ ሰፊው ጊድር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው መደብና ከዓይን የተከለለው ሱትሪ ነደባ። ሰው በዕድሜው፣ በክብሩና በመጣበት ጉዳይ የሚቀመጥበት መደብ ይለያያል። ቤቱ ውስጥ ያለ ወንበርም ሆነ ጠረጴዛ ሳይፈለግ፣ ግንባታው ራሱ ማን የት እንደሚቀመጥ ይናገራል ማለት ነው። በእንግዳ መቀበያ ሶፋ የተሞሉ ቤቶችን ለለመደ እንደ እኔ ያለ ሰው ይህ ትምህርት ቤት የመግባት ያህል ነው። የቤቱ እመቤት እኔን ወደ ጊድር ነደባ ሲያመለክቱ፣ «ልጄ፣ ጫማህን እዚያው ተው፤ ከዚህ በላይ ወለሉ እንደ ምንጣፍ ነው» አሉኝ።

ወለሉና የመደቦቹ ጠርዝ በቀይ አፈር የተለቀለቁ ናቸው። በሐረሪዎች ዘንድ የሚነገረው ይህ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. ሐረሪዎች በምኒልክ ጦር በተሸነፉበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ መሆኑን ነው። ከመደቦቹ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ስፌቶች፣ የእንጨት ገበታዎችና ኤናሜል ሳህኖች ከጣሪያው እስከ መሃል ግድግዳው ተደርድረዋል። ከእነዚህ ውስጥ በመስኮት መሰል ጎድጓዳ መደርደሪያዎች የተቀመጡት የሐረር ስፌቶች በቅርበት ሲታዩ ዓይን ይይዛሉ፤ አንደኛውን እመቤቲቱ አውርደው ሲያሳዩኝ ስፌቱ እጅግ የጠበቀ ስለነበረ ውኃ የሚያሳልፍ አይመስልም ነበር። ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይታያል፤ ይህ በልማዱ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ያላገባች ልጅ መኖሯን ለሚመጣው እንግዳ የሚነግር ምልክት ነው። ከዋናው ክፍል ጎን ደግሞ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት ተለይተው የሚያሳልፉባት «ኪርታት» የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። በዚህ ቤት ኪርታት ለእንግዳ አይከራይም፤ እመቤቲቱ በዚያች ክፍል የተሞሸሩት እርሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ሲነግሩኝ፣ ያልተከራየችበት ምክንያት ገባኝ፤ ውሳኔያቸውንም አከበርኩ።

እኔ የተኛሁት በላይኛው ክፍል ነው። ፍራሹ ንጹሕ፣ አንሶላው ፀሐይ የሸተተ፣ ብርድ ልብሱ ደግሞ ለሐረር ሌሊት ቅዝቃዜ በቂ ነበር። መስኮቷ ትንሽ ናት፤ ግድግዳው ወፍራም ነው። ሐሺ ከሚባለው የአካባቢው ድንጋይና ከጭቃ የተገነባው ይህ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ፣ ማታ ከውጭ ሲገቡ ለብ ያለ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የቀዘቀዘ ሆኖ ይጠብቃል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጅቦች በቅርብ ሲጮኹ ሰማሁ፤ ከዚያም ጎሕ ሳይቀድ አዛኑ ከአንዱ መስጊድ ተነሥቶ በሌላው፣ ከሌላውም በሦስተኛው እየተቀባበለ ከተማዋን አዳረሳት። ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የቅዳሴው ድምፅ ተከተለ። የሰላም ከተሞች ሽልማት ምን ለመሸለም እንደፈለገ ያን ንጋት ከተኛሁበት ሆኜ ሰማሁት።

ቁርሱ በክፍያው ውስጥ የተካተተ ሲሆን ያለ አንዳች ማጋነን ከጠበቅሁት በላይ ነበር። በእንቁላል የተሠራ ፈጢራ ከማር ጋር፣ ትኩስ ሰንቡሳ፣ ቀጥሎም ከወተት ጋር የፈላው ሆጃ ቀረበልኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ የሐረር ቡና በግቢው ተቆልቶ ተፈላልኝ። የምግቡ ብዛት ለአንድ ሰው ከሚገባው በላይ ስለነበረ ቀንሰው እንዲያቀርቡልኝ ብለምንም የሰማኝ የለም። እዚህ ላይ ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር አለኝ፤ የሚበላውን ያህል አስቀድሞ ማታውኑ መናገር ይሻላል፣ ምግብ አለመጨረስ ለአስተናጋጆቹ ቅር ያሰኛልና።

ወደ ወቀሳዬ ስመጣ፣ ዋናው መታጠቢያ ቤቱ ነው። እንግዳ መታጠቢያ ይፈልጋል፤ ይህ ግልጽ ነው፣ እኔም የፈለግሁት ነው። ችግሩ የተሠራበት መንገድ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ በብሎኬትና በሲሚንቶ የተሠራው ክፍል፣ የሚጋራውን የድንጋይና የጭቃ ግድግዳም በሲሚንቶ አስለስኖታል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ሲነካው በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ሲለበስበት ግን መውጫ ያጣል፣ ውኃው በውስጡ ይታቆራል፣ ጭቃው ይላላል፣ በመጨረሻም ድንጋዩ ይለቃል። በክፍሉ ማዶ፣ በሳሎኑ በኩል፣ ግድግዳው አበጥ አበጥ ብሎ ኖራው በቁራጭ ወርዷል። እመቤቲቱ በጣታቸው መሃል አንጓ ኳ ኳ አድርገው ሲመቱት፣ ደህናው ቦታ ድፍን ድምፅ ሲሰጥ፣ ያበጠው ቦታ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። «ይህንን አናጢና ግንበኛ አይቶት ነበር፤ ሲሚንቶ ጨምሩበት አለን» አሉኝ። ይህ ምክር ነገሩን የሚያብስ ነው። ነገር ግን የድሮውን ልስን የሚያውቁ ግንበኞች እየቀነሱ መሆናቸውንና ያሉትም የሚጠይቁት ዋጋ ከሲሚንቶው እንደሚበልጥ ሲነግሩኝ፣ ጥፋቱን በቤተሰቡ ላይ ብቻ መጫን ሚዛን የሳተ ፍርድ ሆኖ ታየኝ።

የአንድ ከተማ እውቅና የሚፈተነው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ ስትመዘገብ የቤቱ ባለቤት አዲስ ግዴታ ተጨመረባቸው፤ እንደፈለጉ ማፍረስ፣ ፎቅ መጨመር፣ ቅርጹን መለወጥ አይችሉም። ግዴታው ተገቢ ነው። ከግዴታው ጋር ግን የሚስማማ ሲሚንቶ ያልሆነ ልስን፣ የሠለጠነ ግንበኛና ወጪውን የሚያቀል ድጋፍ ካልመጣ፣ ቅርሱን የመጠበቅ ሸክም በአንዲት እመቤትና በቀይ አፈር ሳፋቸው ላይ ይወድቃል።

በዚህ ረገድ ሐረርን ከሌሎች የተሸለሙ ከተሞች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል፤ በተለይም ከባሕር ማዶ ካሉት የየመን ከተሞች ጋር፣ ሐረር ከእነርሱ ጋር የቆየ የንግድና የሃይማኖት ትስስር አላትና። እ.ኤ.አ. በ1977 የተመሠረተውና በየሦስት ዓመቱ የሚሰጠው የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ የሰነዓን አሮጌ ከተማ የጥበቃ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በሐድረሞት የምትገኘውን የሺባምን የማደስ ሥራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ሸልሟል። የዚህ ሽልማት አሠራር ሁለት ነገሮች ደስ ያሰኙኛል። አንደኛ፣ ዳኞቹ ከመወሰናቸው በፊት ባለሙያ ወደ ስፍራው ይላካል፤ ሥራው በወረቀት ሳይሆን ሰው በሚኖርበት ሁኔታ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሽልማቱ ለሥነ ሕንፃ ባለሙያው ብቻ አይሰጥም፤ ግንበኛው፣ ማዘጋጃ ቤቱና የሥራው ባለቤት ጭምር ይካፈሉታል። በሺባም የተሸለመው ሥራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እስከ ሰባትና ስምንት ፎቅ የሚደርሱት የጭቃ ጡብ ቤቶች ሲታደሱ፣ ወጪው በፕሮጀክቱና በቤቱ ባለቤት መካከል ይከፈል ነበር፤ የጥንቱን የጭቃ ሥራ የሚያውቁ ግንበኞችም ዳግም ሥራ አገኙ። ለአንዲት የጁገል እመቤት «ወጪውን እንካፈል» የሚል ሰው ቢመጣላቸው ያ ያበጠ ግድግዳ እስካሁን በዳነ ነበር።

እርግጥ ነው ሽልማት ራሱ ከተማን አያድንም። የቦስኒያዋ ሞስታር አሮጌ ከተማዋን በመጠበቋ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ የአጋ ኻን ሽልማት ተቀብላ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ታላቁ ድልድይዋ በጦርነት ፈረሰ። ድልድዩ ዳግም ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ተከፈተ። ሰነዓና ሺባምም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየመኑ ጦርነት ምክንያት አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተመዝግበዋል። ይህን የማነሣው ሽልማትን ለማሳነስ አይደለም፤ ከሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚሠራው ሥራ ከሽልማቱ በፊት ከተሠራው እንደማያንስ ለማሳየት ነው።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። በእንግዳ ማደሪያው በኩል ያገኘሁት አስጎብኚ ትሑት፣ ቀጠሮ አክባሪና ሦስት ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ወጣት ነበር። አምስቱን የጥንት በሮች ማለትም ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን አንድ በአንድ አሳየኝ፤ ዛሬ ስፌት መኪናዎች የሚያጉረመርሙበትን መኪና ግርግር የተባለውን መንገድ፣ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየምንም አስጎበኘኝ። ሆኖም ከግማሽ ቀን ውስጥ ረጅሙን ሰዓት የወሰደው በሐረር ይኖር ስለነበረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ራምቦና ስለ ጅብ ማብላት በመናገር ነው። ሁለቱም ሊነገሩ የሚገባቸው ናቸው፤ በተለይ የጅቡ ነገር፣ በግንቡ ውስጥ ለጅብ ማለፊያ ቀዳዳ የተተወላት ከተማ መሆኗ ራሱ ስለ ከተማዋ ጠባይ ብዙ ይናገራል። ነገር ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ስላሳነጹት አሚር ኑር ያገኘሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡት የሕንድ ነጋዴዎች የሠሯቸው፣ በረንዳቸው ወደ መንገድ የሚመለከት ባለ ፎቅ ቤቶች ከሐረሪ ቤት በምን እንደሚለዩ ደግሞ እኔ ጠይቄ ነው የተነገረኝ። ስጠይቀው ግን በደንብ ያውቀው ነበር። ከተማዋ የተመዘገበችው በቤቶቿ መሆኑን ለሚያስብ ጎብኚ፣ ጉብኝቱን ከመጀመሩ በፊት «ስለ ቤቶቹ ንገረኝ» ማለቱ ያተርፈዋል።

ሌሎች ጥቂት ነገሮች ላንሣ። የቤቱን ታሪክና አሠራር የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ እንኳ አልነበረም፤ እመቤቲቱ በሌሉበት ሰዓት የመጣ እንግዳ የነደባዎቹን ስም እንኳ ሳያውቅ ሊሄድ ነው። ውኃ በሁለተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ጠፍቶ ነበር፤ በባልዲ ቀርቦልኝ ታጠብኩ፣ ቅር አላለኝም። ደረጃው ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው አይመችም፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ታችኛውን ክፍል ይጠይቅ። ዋጋው ከግንቡ ውጭ ካሉት መካከለኛ ሆቴሎች ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ቁርሱና አቀባበሉ ሲታሰብ ደግሞ ከእነርሱ ይሻላል። በሸዋል ዒድ ሰሞን፣ ማለትም ከረመዳን በኋላ የሚከበረውና እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር የተመዘገበው በዓል ሲቃረብ፣ ቦታ ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። እኔ ከበዓሉ ውጭ ስለሄድኩ ቤቱን ለብቻዬ ነበር ያገኘሁት።

በአጠቃላይ ይህንን ማደሪያ ለማንም ሰው እመክራለሁ፤ በተለይም ቤተሰቡን ይዞ ለሚሄድና ለልጆቹ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ማሳየት ለሚፈልግ ሰው። የመታጠቢያው ግድግዳ ሳይውል ሳያድር በጭቃና በኖራ በሚያውቅ እጅ ቢታደስ፣ ጉድለት የምለው አንድ ትልቅ ነገር ይወገዳል። ይህንን በሚገባ ቋንቋ ለቤተሰቡ ነግሬያቸዋለሁ፤ በሚገባም ሰምተውኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለመሄድ ስዘጋጅ፣ እመቤቲቱ በግቢው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቀዩን አፈር በሳፋ እያሹ አገኘኋቸው። እብጠቱን ገና አላስጠገኑትም፤ ነገር ግን እንግዳ እግሩን ያነሣበት ወለል ሳይለቀለቅ አይቀርም አሉኝ። ጨርቁን በቀጭኑ አፈር ነክረው፣ የጊድር ነደባን ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ በአንድ ትንፋሽ ሳይቆርጡ ቀቡት። ጨርቁ ያለፈበት መስመር መጀመሪያ ጠቁሮ፣ ቀጥሎ እየደረቀ ሲሄድ ቀላ። «ሲደርቅ ነው መልኩ የሚወጣው፤ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ታየዋለህ» አሉኝ፤ እጃቸው በአፈር ስለተሞላ በክንዳቸው ተሰናበቱኝ።